ጉልበቱ ምን ይላል? ዮጋ፣ ራስን መቀበልና «ተመስገን»

ወደ ዮጋ የወሰደኝ የወገብ ሕመም ነው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተጎልቶ ኮምፒውተር ላይ የሚያፈጥ ሰው ወገቡን ቢያመው አይገርምም። ሐኪሙ መንቀሳቀስ እንዳለብኝ ነገረኝ። አንዲት ጓደኛዬ ደግሞ እጄን ይዛ እሷ የምትሠራበት ክፍል ወሰደችኝ።

እዚያ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የተጠጋ አንዲት እናት ይመጣሉ። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። አንድ ቀን ተንበርክከን ሳለን ፊታቸው ጭምድድ አለ። አስተማሪዋ አየቻቸው።

«እትዬ፣ ጉልበትዎን አመመዎት እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ፣ ተመስገን ነው ልጄ።»

አስተማሪዋ አጠገባቸው ቁጭ አለች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ተመስገኑስ ይሁን፤ ጉልበቱ ምን ይላል?» አለቻቸው።

እትዬ ትንሽ ዝም አሉ። «ቀኙ ይወጋኛል» አሉ በመጨረሻ።

አስተማሪዋ ተነስታ ጋቢ አመጣች። አራት ቦታ አጥፋ ከጉልበታቸው ሥር አደረገችላቸው። እትዬ እንደገና ተንበረከኩ። ትንፋሻቸው ረዘም ብሎ ወጣ። «እህ፣ አሁን ተመስገን» አሉ።

ሁለቱ ተመስገኖች አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው መሸፈኛ ነበር። እኛ ዘንድ «እንዴት ነሽ?» ሲባል «ተመስገን» ማለት ጨዋነት ነው፤ ሰው ሕመሙን ለሁሉም አይዘረግፍም። ደስ የሚል ባህል ነው። ከገዛ ሰውነታችን ጋር ስንነጋገር ግን አያዋጣም። ሁለተኛው ተመስገን የመጣው እውነቱ ከተነገረ በኋላ ነው። ዮጋ ውስጥ «ራስን መቀበል» እና «ላሉበት ቅጽበት ማመስገን» የሚባሉት ነገሮች ብዙ ጊዜ እንደ ጣፋጭ ንግግር ይቀርባሉ። እኔ እንደገባኝ ግን የራሳቸው አሠራርና ቅደም ተከተል አላቸው። ዛሬ እሱን ላስረዳ።

መጀመሪያ ጽሑፉ ምን ይላል

ዮጋ ሲባል የብዙ ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው እግሩን አንገቱ ላይ የጠመጠመ ቀጭን ሰው ነው። ጥንታዊው ጽሑፍ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ብዙም ጊዜ አያጠፋም። ፓታንጃሊ የተባለ ሕንዳዊ ሊቅ በሳንስክሪት የጻፈው የዮጋ ሱትራ፣ እንደ ቅጂው 195 ወይም 196 አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች አሉት። ብዙ ምሁራን ከዛሬ 1,600 ዓመት ገደማ በፊት ተጻፈ ይላሉ፤ ከዚያ የሚያስቀድሙትም አሉ። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ ስለ አሳና፣ ማለትም ስለ ሰውነት አቀማመጥ፣ በቀጥታ የሚናገሩት 3 ብቻ ናቸው። የቀረው በአብዛኛው ስለ አእምሮ ነው።

ከሦስቱ የመጀመሪያው አሳና ሁለት ጠባይ ይኑረው ይላል። ጽኑ ይሁን፣ ምቹ ይሁን። በቃ። እንግዲህ በዚህ መለኪያ ስናየው፣ እግሩን አንገቱ ላይ አድርጎ ጥርሱን የነከሰ ሰው ገና አሳና ላይ አልደረሰም። ወንበር ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ በእርጋታ የምትተነፍስ እናት ደርሳለች። ይህን የምለው ላጽናናችሁ ብዬ አይደለም፤ ትርጓሜው ራሱ ነው እንዲህ የሚለው።

መጽሐፉ የሚጀምርባት ቃል ደግሞ ሁልጊዜ ትገርመኛለች። «አታ» ትላለች፤ «አሁን» ማለት ነው። ከዚህች አንድ ቃል በኋላ ነው የዮጋ ትምህርት የሚከተለው። ወገቤ ሲሻለኝ፣ ኪሎ ስቀንስ፣ ልጆቹ ሲያድጉ አላለም።

ፓታንጃሊ ዮጋን 8 ቦታ ይከፍለዋል። አሳና ሦስተኛው ነው። ከእሱ በፊት ሁለት የምግባር ክፍሎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 5 ነገር ይዘዋል። የመጀመሪያው ክፍል የሚነሳው ከአሂምሳ ነው፤ አለመጉዳት ማለት ነው። ቀጥሎ ሳትያ ይመጣል፤ እውነት። በሁለተኛው ክፍል ውስጥ ሳንቶሻ አለ፤ ባለው መርካት፣ መብቃቃት። ከሳንቶሻ ቀጥሎ ደግሞ ታፓስ ተጽፏል። ቃሉ ከሙቀት የመጣ ነው፤ ትጋት ማለት ነው።

አለመጉዳት፣ እውነት፣ መርካት፣ ትጋት። ይህን ቅደም ተከተል ያዙልኝ። አስተማሪዋ ከእትዬ ጋር ያደረገችው እሱኑ ነው። ጉዳቱን አስቆመች፣ እውነቱን ጠየቀች፣ የሚመች ነገር አበጀች፣ ከዚያ ሥራው ቀጠለ። ምስጋናን ከእውነት በፊት ካመጣነው ራስን ማታለል ይሆናል። ትጋትን ከመርካት በፊት ካመጣነው ደግሞ ራስን መቅጣት ይሆናል። ብዙዎቻችን ስፖርት ቤት ገብተን በሁለት ሳምንት የምንጠፋው በሁለተኛው ምክንያት ይመስለኛል።

«ራሴን ከተቀበልኩ መቼ እለወጣለሁ?»

ይሄ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል፣ መነሳትም አለበት። ሰው ራሱን ካልገፋ አይለወጥም ብለን አድገናል። ትምህርት ቤትም ቤትም የተማርነው በቁጣ ነው።

መልሱን ከጡንቻ እንጀምር። ሐኪም በትንሽ መዶሻ ከጉልበት ሥር መታ ሲያደርግ እግራችን ሳናዝዘው ይስፈነጠራል። ምክንያቱም ጡንቻ ውስጥ ርዝመቱን የሚጠብቁ፣ ነርቭ የተጠመጠመባቸው ጥቃቅን ክሮች አሉ። ጡንቻው በድንገት ሲሳብ «እንዳይበጠስ!» ብለው ወደ አከርካሪ መልእክት ይልካሉ። መልሱ ወዲያው ይመጣል፤ ጡንቻው ይኮማተራል። አእምሮ እስኪጠየቅ እንኳ አይጠበቅም።

አሁን ጎንበስ ብላችሁ የእግራችሁን ጣት ለመንካት ስትታገሉ አስቡት። ጣቱ ካልተነካ ሞቼ እገኛለሁ ብሎ ላይ ታች መንጠር አለ። በነጠራችሁ ቁጥር ያው ጠባቂ ይነሳል። እናንተ ትስባላችሁ፣ እሱም ይስባል። በሌላ በኩል ጉልበታችሁን ትንሽ አጥፋችሁ፣ እጃችሁ የደረሰበት ቦታ አሳርፋችሁ ግማሽ ደቂቃ በቀስታ ብትተነፍሱ፣ ጠባቂው ስጋት የለም ብሎ ይለቃል። በሳምንታት ልምምድ የሚታየው መላላት አብዛኛው የዚህ ውጤት ነው። ጡንቻው ብዙም አልረዘመም፤ የነርቭ ሥርዓቱ ነው «ይሄ ቦታ አደጋ የለውም» ብሎ የፈቀደው። እንግዲህ ያለንበትን ቦታ መቀበል ሰውነትን የሚያስፈታ ዘዴም ጭምር ነው ማለት ነው።

የማይለወጥም አለ፤ እሱንም ሳልሸሽግ ልናገር። የጭን አጥንት ጭንቅላት ከዳሌ ጉድጓድ ጋር የሚገጥምበት አቅጣጫና ጥልቀት ከሰው ሰው ይለያያል። የአንዷ ጉድጓድ ወደ ጎን ያያል፣ የሌላዋ ወደ ፊት። አጥንት አጥንትን ሲነካ መንገዱ እዚያ አለቀ። እግርን አጣምሮ የሎተስ አቀማመጥ መቀመጥ ለአንዱ ቀላል፣ ለሌላው ዕድሜ ልኩን የማይሆን ነገር ሊሆን ይችላል። ዳሌው አልዞር ሲል በግድ ካዞርነው ጉዳቱ ጉልበት ላይ ያርፋል፤ ጉልበት እንደ በር ማጠፊያ ነው፣ መጠምዘዝን አይወድም። እኔ ራሴ አንድ ሌላ ቦታ የሚያስተምር ሰው ጉልበቴን ወደ መሬት ተጭኖልኝ ሦስት ሳምንት ደረጃ በግድግዳ ነው የወጣሁት። ያን ቀን «እዚህ ላይ ይበቃኛል» ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ስላፈርኩ ነው።

በቅርብ ዘመን ይህን ነገር ከማንም በላይ የተረዳው ቢ. ኬ. ኤስ. አየንጋር ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1918 በደቡብ ሕንድ፣ በኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ወቅት ነው የተወለደው። ልጅነቱን ወባ፣ ታይፎይድና የሳንባ ነቀርሳ ሲፈራረቁበት አሳለፈ። ቀጭን፣ ደካማ፣ ይሞታል የተባለ ልጅ ነበር። ወደ ዮጋ ያመጣው የእህቱ ባል ክሪሽናማቻርያ ነው፤ እሱም በማይሶር ከተማ በቤተ መንግሥት ጥላ ሥር የሚያስተምር ስመ ጥር መምህር ነበር። አየንጋር ኋላ ፑኔ ከተማ ገብቶ የራሱን መንገድ ሠራ። የእንጨት ብሎክ፣ ቀበቶ፣ ወንበር፣ ብርድ ልብስ፣ ግድግዳ ላይ የታሰረ ገመድ አመጣ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ እጅህ መሬት ካልደረሰ መሬቱን ወደ እጅህ እናምጣው። የታመመ፣ ያረጀ፣ የደነደነ ሰውነት ሁሉ በዚህ መንገድ አሳና መሥራት ቻለ። አየንጋር እ.ኤ.አ. በ2014 በ95 ዓመቱ አረፈ።

ቤት ለሚሠራ ሰው እነዚህን ዕቃዎች መግዛት ግድ አይደለም። ነጠላ ጥሩ ቀበቶ ይሆናል። ጋቢ ሲታጠፍ ትራስም መደገፊያም ነው። ትንሽ ዱካ ወይም ወፍራም መዝገበ ቃላት የብሎክን ሥራ ይሠራል። በጀርባችሁ ተኝታችሁ ነጠላውን የእግራችሁ መዳፍ ላይ አድርጋችሁ፣ ሁለቱን ጫፍ ይዛችሁ እግራችሁን ወደ ላይ ብታነሱ፣ ያ ሁሉ ትግል ይቀራል። ጉልበቱ ትንሽ ቢታጠፍ ምንም አይደል።

ስለ አእምሮው ደግሞ አንድ ጥናት ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2012 በካሊፎርኒያ በርክሊ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ከበድ ያለ የቃላት ፈተና ፈተኗቸው። ከዚያ ለከፊሎቹ ብቻ «ለራሳችሁ አትጨክኑ፣ ፈተናው ለብዙ ሰው ከባድ ነው» የሚል መልእክት ሰጧቸው። ለሁለተኛው ፈተና ረዘም ላለ ጊዜ ያጠኑት እነሱ ነበሩ። ይህን ጠባይ ቀድማ በሦስት የከፈለችው ክሪስቲን ኔፍ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ ናት፦ ለራስ ደግ መሆን፣ የሰው ሁሉ ዕጣ መሆኑን ማወቅ፣ ስሜቱን ሳያጋንኑም ሳይደብቁም ማየት። ሁለተኛዋን እወዳታለሁ። ክፍል ውስጥ ዞር ብዬ ሳይ የሁሉም እግር ይንቀጠቀጣል። የኔ ብቻ አይደለም።

ትንፋሽና «አሁን»

አእምሮ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ምንጣፍ ላይ ቆመን የነገውን የቤት ኪራይ እናሰላለን፣ የትናንቱን ጭቅጭቅ እንደግማለን። ሰውነት ግን ትናንት ወይም ነገ መሆን አይችልም። ሁልጊዜ አሁን ላይ ነው ያለው። ስለዚህ «አሁን ላይ ሁን» የሚለው ምክር ዝም ብሎ ሲነገር አየር ላይ ይቀራል። «የግራ ተረከዝህ ምን ይሰማዋል?» ሲባል ግን መሬት ይይዛል።

ከሁሉ የሚቀርበው ትንፋሽ ነው። ስናስገባ ልባችን ትንሽ ይፈጥናል፣ ስናስወጣ ትንሽ ይዘገያል። ማስወጫውን ረዘም ስናደርገው ቬገስ የሚባለው፣ ከአንጎል ወርዶ ልብንና ሆድ ዕቃን የሚያገኘው ነርቭ ይበረታል፤ ሰውነት ወደ ዕረፍት ያዘነብላል። ትንፋሽ መለኪያም ነው። አንድ አቀማመጥ ላይ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ከተገኛችሁ ከአቅማችሁ አልፋችኋል፤ ጣት መሬት ነካ አልነካ ቁም ነገሩ አይደለም። ወደ ኋላ መለስ በሉ።

እ.ኤ.አ. በ1979 ጆን ካባት-ዚን በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል የጀመረው፣ ዛሬ 8 ሳምንት የሚፈጀው ሥልጠናም በዚሁ ላይ የቆመ ነው። የሚመጡት ሕክምናው ብዙም ያልረዳቸው፣ ሥር የሰደደ ሕመም የያዛቸው ሰዎች ነበሩ። ተኝተው ከእግር ጣት እስከ አናት ሰውነታቸውን በሐሳብ ይዳስሳሉ፣ ቀለል ያለ ዮጋ ይሠራሉ። ሕመሙን ማባረር አይጠየቁም፤ እንዳለ ማየት ነው የሚማሩት። ወገቤን ሲያመኝ ይሄ ምን እንደሆነ ገብቶኛል። አንዱ ሕመሙ ራሱ ነው። ሌላው «አለቀልኝ፣ ሥራዬንም ላጣ ነው፣ ማን ይጦረኛል» የሚለው በላዩ የምንከምረው ነው። ክምሩ ሲወርድ ወገቤ ማመሙን አልተወም፣ ግን እንቅልፍ ተመለሰልኝ።

ምስጋናው የት ነው?

በደፈናው ማመስገን ቶሎ ይደበዝዛል። «ስለ ሁሉም ተመስገን» ስንል ምኑን እንደሆነ ሳናስተውል እናልፋለን። ምንጣፉ ላይ ግን ነገሩ ዝርዝር ይሆናል። እኔ እንዲህ ነው የማደርገው።

ጠዋት፣ ስልኬን ሳልነካ፣ ሰሌን ላይ በጀርባዬ እተኛለሁ። ጉልበቴ ሥር የተጠቀለለ ጋቢ አደርጋለሁ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ምንም አልሠራም፤ ወገቤን ብቻ «እንዴት አደርክ?» እለዋለሁ። መልሱ አንዳንድ ቀን ደስ አይልም። ከዚያ በእጅና በጉልበቴ ሆኜ ጀርባዬን እንደ ድመት ወደ ላይ እቀስራለሁ፣ ስተነፍስ መልሼ አወርዳለሁ፤ ስድስት ሰባት ጊዜ፣ ቀስ ብዬ። ተነስቼ ጉልበቴን አጠፍ አድርጌ እጎነበሳለሁ። እጄ ቅልጥሜ መሃል ላይ ይደርሳል። አምና የት ይደርስ እንደነበር አላስብም። ከግድግዳ ጋር ትንሽ እቆማለሁ። ሁሉም ተደምሮ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም።

መጨረሻ ላይ ተመልሼ እተኛለሁ። ይሄ ሻቫሳና ይባላል፤ «የሬሳ አቀማመጥ» ማለት ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው ሃታ ዮጋ ፕራዲፒካ ከሚዘረዝራቸው 15 አቀማመጦች አንዱ ነው፤ ድካምን ያስወግዳል፣ አእምሮን ያሳርፋል ይላል። ስሙ ደስ የማይለው ሰው «ዕረፍት» ይበለው። ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ምንም የማይሠራበት ስለሚመስል። እባካችሁ አትዝለሉት። ጋቢውን እስከ አገጬ እስባለሁ። ሙቀቱ ቀስ እያለ ይመጣል። ጀርባዬ መሬቱ ላይ ይረጋል። ውጭ የጎረቤት ቆርቆሮ በር ይንኳኳል፣ ሰው ይጠራራል። ያኔ ሦስት ነገር እፈልጋለሁ፤ ከዚያች ጠዋት ብቻ። ዛሬ ግራ ትከሻዬ ሳይንጫጫ ዞረ። ትንፋሼ አልተቆራረጠም። ወገቤ «ዛሬ አትጎንበስ» አለኝ፣ ሰማሁት። ሦስተኛው ምስጋና መሆኑን ለመቀበል ጊዜ ወስዶብኛል። የሚያመው ወገብ እኮ ከዳተኛ አይደለም፤ ስንት ዓመት ተሸክሞኛል።

ስለ እምነት

ይህን ሳላነሳ ባልፍ አንባቢዬን እንደ መሸሽ ነው። ዮጋ የበቀለው በሕንድ የሂንዱ፣ የቡድሂስትና የጃይን እምነቶች አፈር ላይ ነው። ፓታንጃሊ ራሱ ለኢሽቫራ፣ ለጌታ፣ ራስን መስጠትን ከምግባሮቹ አንዱ አድርጎ ጽፏል። ስለዚህ «ምንም ሃይማኖት የለበትም፣ ጂምናስቲክ ብቻ ነው» የሚሉትን አልስማማበትም። ዛሬ በየከተማው የሚሠራው የሰውነት ልምምድ ግን ብዙው ባለፉት መቶ ዓመታት ቅርጽ የያዘ ነው፤ ያለ ዝማሬና ያለ ጸሎት የሚያስተምሩም ሞልተዋል። በእምነቴ አይሆንም የሚል ሰው ውሳኔው ይከበርለት። የሚሠራ ደግሞ ምን እንደሚሠራ ይወቅ፤ «ኦም» የሚለውን የዝማሬ ቃል ማለት ካልፈለገ ለአስተማሪው ይንገር። እኔ ምስጋናዬን በራሴ ቋንቋ፣ ለማመሰግነው ነው የማቀርበው።

አንድ ነገር በቅንፍ ላንሳ። ዩኔስኮ ዮጋን በሕንድ ስም የማይዳሰስ የሰው ልጅ ቅርስ አድርጎ የመዘገበው እዚሁ አዲስ አበባ በተካሄደ ስብሰባ ነው፤ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 2016። በዚያው ጉባኤ የገዳ ሥርዓትም ተመዝግቧል።

ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮችም አሉ። የሚወጋ፣ የሚያቃጥል፣ ወደ እግር የሚወርድ ወይም የሚያደነዝዝ ሕመም ካለ ሐኪም ነው መቅደም ያለበት። የዓይን ግፊት ያለበት ሰው ራሱን ወደ ታች የሚያደርጉ አቀማመጦችን ይተው። ነፍሰ ጡር የሆነች እህት ለአስተማሪዋ ትንገር። ክፉ ነገር ያየ፣ ጦርነት ውስጥ ያለፈ ሰው ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ ጸጥ ብሎ መተኛት ሊያስጨንቀው ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ዓይኑን ይግለጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጥ፣ ካልፈለገም ይቁም። ራስን መቀበል ይህንንም ይጨምራል።

እትዬ አሁንም ይመጣሉ። ጋቢያቸውን በፌስታል ይዘው ነው የሚገቡት። ማንም ሳይነግራቸው አራት ቦታ አጥፈው ከቀኝ ጉልበታቸው ሥር ያደርጋሉ። ባለፈው ሳምንት አስተማሪዋ በአጠገባቸው ስታልፍ «እትዬ፣ ጉልበቱ ምን ይላል?» አለቻቸው።

«ዛሬ ዝም ብሏል። ትከሻዬ ግን አንድ ነገር አለው፤ ነይማ እይው» አሉ።